አርት ዳይሬክተር የሌላ ሰው ሥራ ላይ ብሩሽ ማንሳት አለበት? (የረጅሙ ክር ጭምቅ)

ክሩ (ፎረሙ ላይ የተካሄደው ውይይት) ስለረዘመ ለዘገያችሁ ሰዎች በየቁጥሩ እያየሁ ላውራላችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ማን ምን እንዳለ ሐሳቡን ብቻ ነው የምነግራችሁ፣ እግረ መንገዴን የመሰለኝንም ጣል አደርጋለሁ። እኔ የኢንቫይሮመንት አርቲስት (የጌሙን ቦታዎች የምሠራ) ነኝ፣ ስለዚህ ልቤ ወዴት እንደሚያደላ ትገምታላችሁ።

የመክፈቻ ፖስት። ከፋቹ ኮንሰፕት አርቲስት (ነገሩ ከመሠራቱ በፊት መልኩን በሥዕል የሚነድፍ) ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ በቅርቡ የጌም ቲሙ አርት ዳይሬክተር፣ ማለትም የጌሙን መልክ የሚወስን አለቃ፣ የተደረገ ሰው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ልጆቹ ያስገቡትን ሥራ ማታ ማታ ይከፍትና በላዩ ላይ ይስልበታል፣ ጠዋት ሲገቡ ተስተካክሎ ያገኙታል። ጥራቱ ከፍ ብሏል፣ ይሄን ማንም አይክደውም፣ ግን ሰዉ ሐሳብ ማምጣት አቁሟል፣ ፕሮዲውሰሯም ሁሉም ነገር እሱ ጠረጴዛ ላይ እየተጠራቀመ መሆኑን ነግራዋለች። የሱ መከራከሪያ ምስልን በቃል ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው፣ አንድ ሰዓት ከማውራት አሥር ደቂቃ መሳል ይሻላል የሚል ነው። አካሄዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ጠየቀና ወጣ።

ምላሽ 1። በጣም ጨዋ ሰው ነው የጀመረው። ሹመቱን መረቀለትና ፔይንት ኦቨር (በሌላ ሰው ሥራ ላይ መሳል) በራሱ ነውር አለመሆኑን፣ በየስቱዲዮው የተለመደ መሣሪያ መሆኑን አስረዳ። ችግር የሚመጣው ሥዕሉ ሲያልቅ ነው ባይ ነው። እሱ ራሱ ከኢንጂኑ (ጌሙ ከሚሠራበት ሶፍትዌር) ውስጥ ስክሪንሾት ያነሳና በአንድ ቀለም፣ በወፍራም ብሩሽ፣ ቀስትና ክብ ብቻ ያደርግበታል፦ እዚህ ጋ ዓይን መሄጃ ያጣል፣ እዚህ ጋ ቅርጹ ከጀርባው ጋር ተቀላቅሏል፣ እንደዚህ። ሆን ብሎ አስቀያሚ አድርጎ ነው የሚተወው፣ ምክንያቱም አምሮ ከተሳለ አርቲስቱ ማሰቡን ትቶ ወደ መገልበጥ ይገባል።

ምላሽ 2። ይሄኛው ጨዋነት የሚባል ነገር አልጎበኘውም። ከፋቹ ሹመቱን እንጂ ሥራውን እንዳልተቀበለ፣ ደሞዝ የሚበላው ለመወሰን እንጂ ለመሳል እንዳልሆነ፣ መሳሉ ከናፈቀው ወደ ድሮ ወንበሩ ቢመለስ ለሁሉም እንደሚበጅ ጻፈ። ላይኩ ብዛት! ግን እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምስማማው፣ ትንሽ ቲም ላይ አርት ዳይሬክተሩ ራሱ ዋናው እጅ የሚሆንበት ጊዜ አለና ሁሉም ሰው ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚሠራ አድርጎ ማውራት አይገባም።

ምላሽ 3። ክሩን ያጣፈጠችው እሷ ናት። ካራክተር ሞዴለር (ገጸ ባሕርያትን በ3ዲ የምትቀርጽ) ናት፣ ልክ እንደ ከፋቹ ያለ አለቃ ስር ሠርታለች (የት እንደሆነ አልተናገረችም፣ ጥሩ አደረገች)። አንድ የጠላት ወታደር የራስ ቁር ትሠራለች። መጀመሪያ የመጣላት ፊድባክ ይበልጥ ኃይል ይኑረው የሚል ነው፣ ቀንዱን አስረዘመችው። ቀጥሎ አሁን ደግሞ በዛ ተባለች፣ አሳጠረችው። በመጨረሻ አለቃዋ በላዩ ላይ ስሎ ላከላት፣ ሲያዩት በጣም ያምራል፣ እንደዚያ አድርጊው ተባለች። ቁጭ ብላ ስታየው ግን ቁሩን አንዲት መስመር እንኳን አልነካውም፤ የቀየረው ብርሃኑን ነው። ከኋላ የሚመጣ ቀዝቃዛ ብርሃን ጨምሮበት ጠርዙን አብርቶታል። ያ ወታደር ደግሞ በጌሙ ውስጥ የሚታየው መብራት ሁሉ ከላይ በሆነበት ዋሻ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ጌሙ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ነው ቃል የገባው፣ እሷ ደግሞ ያንን ብርሃን በብረቱ ቅርጽ ላመጣ ብላ ስትታገል ሰነበተች። ይሄን ሳነብ ስንቱን ነገር እንዳስታወስኩ አልነግራችሁም።

ምላሽ 4። ቴክኒካል አርቲስት ነው፣ የ3ን ነገር ተቀብሎ ወደ ቁጥር ወሰደው። በሴኮንድ 60 ፍሬም (ምስል) የሚሮጥ ጌም ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.67 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፣ በ30 ከሆነ 33.3፣ ያ ጊዜ ደግሞ የአርቱ ብቻ ሳይሆን የፊዚክሱም የጠላቱ አስተሳሰብም የሁሉም ነው። ፔይንት ኦቨር ላይ ጭጋግ መጨመር በነፃ ነው፣ ኢንጂን ውስጥ ግን ብርሃን አሳላፊ ነገር እርስ በርሱ ሲደራረብ ያው ፒክሰል ደጋግሞ ይሳላል፣ ቅጠል፣ ጭስ፣ ብልጭታ አንድ ላይ ሲመጡ ፍሬሙ ይወድቃል። ስለዚህ አርት ዳይሬክተር ሥራን ማጽደቅ ያለበት ጌሙ በሚወጣበት ማሽን ላይ አይቶ እንጂ ፎልደር ውስጥ ያለ ሥዕል አይቶ አይደለም ነው የሚለው። ገደብ ስታይል እንደሚወልድም ጨመረ፣ የ1999ኙን ሳይለንት ሂልን ጠቀሰ፣ ኮንሶሉ ሩቅ መሳል ስላቃተው ጭጋግ አለበሱት፣ ጭጋጉ ራሱ የጌሙ ፊት ሆነ። 2006 የወጣው ኦካሚም መጀመሪያ እውነታን የሚመስል ሥዕል ሲሞከርለት ቆይቶ ማሽኑ ሲከብደው ወደ ቀለም ብሩሽ ስታይል እንደሄደ አነሳ።

ምላሽ 5። እርማት። የማሽን ገደብ ብቻውን ስታይል አይወልድም፣ ተመሳሳይ ኮንሶል ላይ ተመሳሳይ ጭጋግ ያለባቸው ስንት ጌሞች ነበሩ፣ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ልዩነቱ አንድ ሰው ጭጋጉን ከታሪኩ ጋር ማጣመሩ ነው ይላል። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የ1981ዱን ዶንኪ ኮንግ ነው፣ ማሪዮ ጺም የወጣለት በዚያች ጥቂት ፒክሰል አፍ መሳል ስለማይመች ነው፣ ባርኔጣውም ፀጉር ከመሳል ለመገላገል ነው፣ ግን የጌሙ ዲዛይነር ሚያሞቶ ያንን ወስዶ ሰውዬውን ሠራተኛ አደረገው። ትንሽ ማስተማር ይወዳል ይሄ ሰውዬ፣ ግን ነጥቡ ነጥብ ነው።

ምላሽ 6። ለኔ የክሩ ምርጥ ይሄ ነው፣ ረጅም ነው ግን አንብቡት። ሴትየዋ ከውጭ ቲሞች ጋር ስትሠራ የኖረች አርት ዳይሬክተር ናት፣ ማለትም ሥራዋን የሚሠሩት ሰዎች ፊቷን አይተዋት አያውቁም፣ ሲነጋ እሷ ተኝታለች፣ ሲመሽ እነሱ የሉም። ማታ ማታ መሳል ብትል አንድ ሳምንት አትዘልቅም ነበር። ስለዚህ የሷ ሥራ እሷ በሌለችበት ሌላ ሰው በትክክል እንዲወስን ማድረግ ነው። ስታይል ጋይዷ (የጌሙ መልክ መመሪያ) ውስጥ የሚያማምሩ ሥዕሎች መደርደር አይደለም ያለው፣ ደንብ ነው። ለምሳሌ ደማቅ ቀለም የተፈቀደው ተጫዋቹ ሊነካው ለሚችል ነገር ብቻ ነው፣ ግድግዳ ላይ ደማቅ ቀይ ምንጣፍ መስቀል አይቻልም፣ ምንም ቢያምር። የአንደኛው ወገን ሕንፃ ሁሉ ወደ ላይ የሚጠብ ቅርጽ አለው፣ የሌላው ወደ ታች የከበደ ነው፣ ስለዚህ በር ብቻ ብታሳየው ተጫዋቹ የማን ሰፈር እንደገባ ያውቃል። ዝርዝር ነገር የሚበዛው ዓይን እንዲያርፍበት በሚፈለገው ቦታ ነው፣ ሌላው ይተንፍስ። ዝገትን በተመለከተ የጻፈችውን ሳነብ ተነስቼ ላጨበጭብ ነበር፦ የቴክስቸር ሶፍትዌሩ (የነገሮችን ገጽ የሚቀባው) በአንድ ክሊክ ጠርዙን ሁሉ ይፍቅልሃል፣ አዲስ አርቲስት ደግሞ ያንን ክሊክ ይወደዋል፣ ውጤቱ ሁሉም ሳጥን ሁሉም በር ሁሉም ጎራዴ እኩል ያረጀ ይሆናል። የሷ ደንብ ዝገት ውሃ በሚወርድበት፣ መፋቅ ደግሞ እጅ በሚነካበት ቦታ ብቻ ነው የሚለው፣ የበሩ እጀታ ዙሪያ ይፈገፈጋል፣ የበሩ አናት ግን ማን ነክቶት? ከዚያ በየደንቡ ጎን የተሳሳተውን ምስልና የተሳሳተበትን ምክንያት ታስቀምጣለች። ሰው ከትክክለኛው ይልቅ ከተሳሳተው ቶሎ ይማራል ባይ ናት። ያ ጋይድ ካለ ፔይንት ኦቨር የሚያስፈልገው ደንቡ ያልደረሰበት ነገር ሲመጣ ብቻ ነው፣ ሲመጣም ደንቡን ጨምሮ መጻፍ ነው።

ምላሽ 7። ሰነድ ማንም አያነብም አለና ዘጋው። ያየው ጋይድ ሁሉ ፕሮጀክቱ ሲጀመር ተጽፎ ፎልደር ውስጥ የሞተ ነው። የሱ መፍትሔ የጌሙን አንዲት ጥግ፣ አንድ ክፍል ወይም አንድ መንገድ ዳር፣ እስከ መጨረሻው ጥራት ድረስ ኢንጂን ውስጥ ጨርሶ ሌላው ሁሉ ያንን እንዲመስል ማድረግ ነው። በአነጋገሩ 6ን እንደ ቢሮ ሠራተኛ አድርጎ ማሾፉ ግን አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 8። 6 ራሷ ተመልሳ መጣች። ጥጓንም እንደምትሠራ፣ ግን ጥግ ምን እንደሚመስል እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንደማትናገር፣ ያንን ጥግ አይቶ ዝገቱን ብቻ ገልብጦ የሄደ ቲም እንዳጋጠማት ነገረችው። አጭርና የሚያስደስት መልስ። 7 አልመለሰም።

ምላሽ 9። ከፋቹ ብቅ አለ፣ ክሩም እዚህ ጋ ታጠፈ። ማታ ማታ የሚስለው ለመሳል ሲል ብቻ አይደለም ለካ። እሱ ያጸደቀውን ክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩ (የጠቅላላው ጌም አለቃ) ከሳምንት በኋላ መጥቶ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ ልጆቹ እንደገና እንዳይሠሩ ብሎ ቀድሞ ሁሉንም ነገር ሰውዬው ወደሚወደው ለማስጠጋት ነው የሚለፋው። ኧረ ይሄማ ሌላ ጥያቄ ነው! መጀመሪያ ላይ ቢለው ኖሮ ግማሹን ክርክር ባዳነን።

ምላሽ 10። የቀድሞ ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ነው፣ በወዲያኛው በኩል ሆኖ መለሰለት፣ እኔ በግሌ አክብሬዋለሁ። አርት ዳይሬክተሩ የሚጠየቀው ለሚታየው ነው፣ ክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩ ደግሞ ተጫዋቹ ለሚሰማው በጠቅላላ፣ ሥዕሉም ድምፁም አጨዋወቱም ታሪኩም አንድ ነገር እንዲሆኑ፤ ግጭቱ የሚመጣው ሁለቱ የተለያየ ነገር እያዩ ሲፈርዱ ነው አለ። ያመጣው ምሳሌ የበልግ ጫካ ነው። ቅጠሉ ሁሉ ቀይና ብርቱካናማ፣ አርት ቲሙ ነፍሱን ሰጥቶበታል፣ ስክሪንሾቱ ለፖስተር ይሆናል። ጠላቱ ሊመታ ሲል ደግሞ ቀይ ብልጭታ ያሳያል፣ ያ ከጫካው በፊት የተወሰነ ነው። ተጫዋቾች ሲሞክሩት ከየት እንደተመቱ ሳያውቁ ይሞታሉ። እሱ ጫካው ይቀየር ብሎ አዘዘ፣ ቲሙ አኮረፈ፣ በኋላ ግን አንዲት የላይቲንግ አርቲስት ጫካው ሳይነካ የሚፈታበትን መንገድ አሳየችው፦ የቅጠሉን ብርሃን አንድ ደረጃ ወደ ጨለማ ማውረድ፣ የጠላቱን ምልክት ወደ ቀዝቃዛ ነጭ መውሰድ፣ የመሬቱን ቀለም ደግሞ እግሩ እንዲለይ ማፍዘዝ። ችግሩን ነግሯቸው መፍትሔውን ለነሱ ትቶ ቢሆን ኖሮ ኩርፊያው ይቀር ነበር ባይ ነው።

10 ቁጥር ቲም ፎርትረስ 2 የተባለውን ጌምም ያነሳው እዚህ ጋ ነው። በ1999 ሲታይ ወታደራዊና እውነታን የሚመስል ነበር፣ በ2007 ሲወጣ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩትን እንደ ላየንዴከር ያሉ የመጽሔት ሠዓሊዎች መሠረት አድርጎ ሌላ ሆኖ መጣ። ዘጠኙ ገጸ ባሕርያት በጥቁር ጥላ ብቻ ብታያቸው ማን ማን እንደሆነ ትለያለህ፣ ቀለሙ ቡድኑን ይነግርሃል፣ ጎልቶ የሚታየው የሰውነት ክፍል ደግሞ ደረት አካባቢ ነው፣ መሣሪያው እዚያ ስለሆነ። አርቱና አጨዋወቱ አንድ ጥያቄ እየመለሱ ናቸው ማለት ነው። 4 ቁጥር ወዲያው መጥቶ ላይክ አደረገ።

ምላሽ 11፣ 12 እና 13። ቢጫ ቀለም። በቃ፣ ሰው ስለ መታየት ካወራ ቢጫ ቀለም መምጣቱ አይቀርም። 11 በ2023ቱ ሬዚደንት ኢቭል 4 መሰላሉና ሳጥኑ ላይ ለመጠቆሚያ ቢጫ መቀባቱ ተጫዋቹን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው አለ፣ በ2024 የፋይናል ፋንታሲ 7 ሪበርዝ ዴሞ ላይ የገደሉ ድንጋይ ሳይቀር ቢጫ ተቀብቶ የተነሳውን ጫጫታም አስታወሰ። 12 ዲዛይነር ናት፣ ተናደደች፤ ሰዎች ቢጫው ሲነሳ መሰላሉ ስር ቆመው ሲዞሩ ቁጭ ብሎ ማየት ምን እንደሚመስል 11 እንደማያውቅ፣ ይሄን ሁሉ ዝርዝር ነገር ክፍሉ ውስጥ የሞላው አርት ቲሙ ራሱ መሆኑን፣ ቢጫው የመጣው ያንን ለማስታመም እንደሆነ ጻፈች። 13 ሁለቱንም ለማስታረቅ የ2008ቱን ሚረርስ ኤጅን አመጣ፣ ከተማው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው፣ መሄጃው ደግሞ ቀይ ይሆናል፣ ምልክቱ ግልጽ ነው ግን ማንም አይሰደብበትም ምክንያቱም ከመጀመሪያው የዓለሙ ሕግ ነው፣ በመጨረሻ ሰዓት የተለጠፈ አይደለም። በቀለም ብቻ ማመልከትም ልክ እንዳልሆነ ጨመረ፣ ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ወንዶች ቀላል ቁጥር አይደሉም፣ በአንዳንድ ሕዝቦች ከ12ቱ አንድ ገደማ ይደርሳል። ቅርጽ ወይም እንቅስቃሴ አብሮ መኖር አለበት። 11 ግን አቋሙን አልቀየረም፣ ሁለት ፖስት ተሳድቦ ተሰርዞበታል።

ምላሽ 14። ወደ ከፋቹ ጉዳይ ተመለሰ፣ ክሪኤቲቭ ዳይሬክተር ሐሳቡን መቀየሩ አንዳንዴ ጌሙን ያድናል በማለት። ቦርደርላንድስ በ2007 ሲተዋወቅ እንደማንኛውም ቡናማ ተኩስ ጌም ነበር፣ 2009 ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው ወፍራም ጥቁር መስመር ያለው የኮሚክ መልክ የያዘው፣ ዛሬ ጌሙን የምናውቀው በዚያ መልክ ነው። ዘልዳ የተባለውን ተከታታይ ጌምም አነሳ፣ በ2000 የታየው ቅምሻ እውነታን ይመስል ነበር፣ በዓመቱ የዘልዳው ዊንድ ዌከር በካርቱን መልክ ሲተዋወቅ ሰው አበደ፣ ዛሬ ግን ከእድሜ እኩዮቹ ይልቅ ሳያረጅ የቀረ እሱ ነው።

ምላሽ 15። የክሩ በጣም የተቆጣ መልስ፣ እኔም ያለ ማመንታት ከሱ ጋር ነኝ። ቴክስቸር አርቲስት ነው። ይሄን የቦርደርላንድስ ታሪክ የሰማ አለቃ ሁሉ የራሱ የመጨረሻ ሰዓት ቅዠት ያችኛዋ እንደሆነች ይመስለዋል ይላል፣ ዘግይተው ቀይረው የወደቁትን ግን ማንም አይተርክላቸውም፣ የሚተረከው የተሳካው ብቻ ነው። ስታይል ተቀየረ ሲባል አንድ ሰው ስብሰባ ላይ አንድ ስላይድ ቀየረ፣ ከዚያ ሌሎች ሰዎች እያንዳንዱን በርሜል፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እንደገና ይከፍታሉ፣ ዴድላይኑ ግን አይቀየርም። 14 ሊያስተባብል ሞከረ፣ ሦስት ሰው ተረባረበበትና ዝም አለ።

ምላሽ 16። ኤአይ። አንድ ኮንሰፕት አርቲስት አለቃው በኤአይ ያስወጣቸውን ምስሎች እያመጣ እንደዚህ አድርገው እያለው መሆኑን አማረረ። ምስሎቹ ያምራሉ ግን ውሳኔ የለባቸውም፣ በሩ ማጠፊያ የለውም፣ ደረጃው ወዴት እንደሚወጣ አይታወቅም፣ እሱ ደግሞ ያንን ወደሚሠራ ነገር ሲለውጠው አበላሸኸው ይባላል። ይሄ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል፣ እዚህ ጋ በእንጭጩ ቀረ።

ምላሽ 17። ገና ጀማሪ የሆነች ልጅ ጥሩ ፊድባክ ምን ዓይነት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች፣ 3 ቁጥር መለሰችላት። ያኔ አለቃዋ ቀንዱን አስረዝሚ አሳጥሪ ከሚላት፣ በጌሙ ውስጥ ካሜራው ራቅ ሲል ይሄን ወታደር ከተራው ጠባቂ መለየት አልቻልኩም ቢላት ኖሮ፣ እሷ ቀንዱን ትታ ትከሻውን ታሰፋው ወይ አረማመዱን ከአኒሜተሩ ጋር ትቀይረው ነበር። ምን እንዳየ ይንገረኝ፣ ምን እንደማደርግ አይንገረኝ ነው ነገሩ። ከመልሶቹ ሁሉ የከፋቹን የአሥር ደቂቃ ሥዕል በትክክል የመታው ይሄ ይመስለኛል፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አሥር ደቂቃም አትፈጅም።

ምላሽ 18። ከፋቹ አመስግኖ ሊሞክር ያሰበውን ጻፈ። ማታ መሳሉን ትቶ በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ባለበት ቢልዱን (እስካሁን የተሠራውን ጌም) ከፍተው ሊያዩ ነው፣ ብሩሹ የሚያዘው በሥራው ባለቤት እጅ ይሆናል፣ እሱ የሚናገረው ያየውን ነው። ክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩም እዚያው እንዲቀመጥ ሊጠይቀው ነው። 2 ቁጥር እንኳን ለስለስ ብሎ መልካም ዕድል ተመኘለት፣ ተአምር ነው።

ምላሽ 19። 10 ቁጥር አንድ ነገር አስጨመረ፦ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፣ እስከ የትኛው ማይልስቶን (የሥራ ምዕራፍ) ድረስ መገልበጥ እንደሚቻል፣ ከዚያ በኋላ ለመገልበጥ ደግሞ ምን እንደሚቆረጥ አብሮ መናገር ግዴታ እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ። ጫካው ይቀየር ያለ ሰው የትኛው ሌቭል እንደሚቀር ያው ስብሰባ ላይ ይናገር። ፕሮዲውሰሮቹ በሙሉ ይሄን መልስ ሲያጋሩት ዋሉ።

ምላሽ 20። ክሪኤቲቭ ዳይሬክተሩ የስቱዲዮው ባለቤት ከሆነና ደሞዙን የሚከፍለውም እሱ ከሆነ ይሄን ውል ማን ያስፈርመዋል ብሎ አንዱ ጠየቀ። እስካሁን መልስ የሰጠው የለም፣ እኔም መልስ የለኝም፣ ያላችሁ ከስር ጻፉለት።